ለላስቲክ ሮኬት ውድድር መጀመሪያ ቁልፉን ያዙ

ልጆች ሰብስባችሁ በላስቲክ የሚሄድ ሮኬት ልታወዳድሩ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሜሪካ ያሉት ትንንሽ ስካውቶች «ስፔስ ደርቢ» የሚሉት ውድድር አላቸው። ሮኬት ይባል እንጂ እሳትም ባሩድም የለውም። የተጠመዘዘ የጎማ ላስቲክ ሲፈታ ፕሮፔለር (የሚሽከረከር ክንፍ) ያዞራል፣ ሮኬቱም በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሮጣል።

መመሪያው ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ቅረጹ ይላል። ሐዋሳ ላይ ባልሳ ከየት ይመጣል? እኛ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሠራነው፣ ቢገኝም ባልሳውን አልመርጥም። ለሰባት ዓመት ልጅ ቢላ ከመስጠት መቀስ መስጠት ይሻላል። ፕሮፔለሩ ከሌላ ሃይላንድ ጎን ተቆረጠ፣ ዘንጉ የብስክሌት ራጂ ሆነ፣ እንዳይፋተግ በመሃል ጨሌ ገባበት። ላስቲኩ ሲወጠር ሃይላንዱን ስለሚያጨማድደው ጎኑ ላይ ሸምበቆ አሰርንበት። ገመዱ የዓሣ አጥማጆች ናይለን ነው። አለቀ።

ላስቲኩ ላይ ግን አትቸኩሉ። ከሱቅ ግሊሰሪን ገዝታችሁ ቀቡት። ቫዝሊን ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል። ስትጠመዝዙ መጀመሪያ የራሱን ርዝመት ሦስት እጥፍ ያህል ሳቡት፣ ከዚያ እየጠመዘዛችሁ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ዙር ይይዛል። ወፍራም ላስቲክ በኃይል ይነሳና ቶሎ ያልቅበታል፣ ቀጭንና ረጅሙ ዝግ ብሎ ይደርሳል። «ጋሼ፣ የእኔ ለምን ቆመ?» ለሚል ልጅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ።

ሮኬቶቹ ቀላል ስለሆኑ ነፋስ አይችሉም፣ ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ጠየቅን። ደብዳቤ ጻፍን፣ ተመራ፣ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው። የሚቀር ነገር ያለ አይመስልም። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ደብዳቤውን ገልብጠው አይተው «ልጄ፣ ወረቀቱ ልክ ነው፣ ቁልፉ ግን ንብረት ክፍል ነው» አሉኝ። ንብረት ክፍሉን ስደውልለት ስልጠና ላይ ነው፣ ከከተማ ውጭ። ቁልፉስ? ኪሱ ውስጥ! የፈረመውን ኃላፊ ደወልኩለት። «እኛ እኮ ፈቅደናል» አለኝ፣ ደጋግሞ፣ መፍቀዱ በር የሚከፍት ይመስል። ሌላ ቁልፍ የለም ወይ ብዬ ስጠይቀው «እሱ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ዘጋው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወላጆች ያዩኛል፣ ልጆቹ ሮኬታቸውን እንደታቀፉ ናቸው። ሐይቁ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድን፣ ዛፍ ለዛፍ ገመድ ወጠርን። በዚያ ላይ ሰዓቱ ሄዷል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል። ገመዶቹ ተወዛወዙ፣ ተጠላለፉ፣ ሮኬቶቹ መሃል ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተው ቀሩ። ሊስትሮዎች ከበቡንና ውርርድ ጀመሩ። አንድ አባ ኮዳ መጥቶ የወደቀ ሮኬት ሊያነሳ ሲል የሮኬቱ ባለቤት አለቀሰች። ያንን ሁሉ ሥራ ሠርተው አንዱ እንኳን በወጉ ገመዱን አልጨረሰም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ደብዳቤው ይቅር አልልም፣ ያለሱ ዘበኛውም አያናግራችሁም። ግን ዓርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ንብረት ክፍል ሄዳችሁ ፈርማችሁ ቁልፉን በእጃችሁ ተቀበሉ። «ነገ እከፍትላችኋለሁ» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኛ በኋላ ያወዳደርነው በአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ፣ ጠዋት ነው። ገመዱን ከበር እጀታ እስከ መስኮት ብረት ወጠርነው፣ ሮኬቱ ሄደ! በጥሎ ማለፍም አታወዳድሩ፣ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ልጅ ቀኑን ሙሉ ወላጁን ቤት እንሂድ እያለ ሲጨቀጭቅ ይውላል። ሁሉም ደጋግሞ ይሩጥ፣ የሚበልጠው ይያዝለት።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ቆይቶ ተደወለልኝ። አዳራሹን ስለተጠቀማችሁ የአፈጻጸም ሪፖርት አስገቡ አሉኝ። አላስገባሁም።