ውሃው አልቆ ነበር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞኒተሩ ጮኸ። ሕፃኑ ያለጊዜው የተወለደ ነው፣ 1.4 ኪሎ። ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ሁለተኛ ቀኑ። 93 የነበረው ሳቹሬሽን (በደሙ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ) 70 ገባ፣ ከዚያ 58። የልብ ምቱም ወረደ።

ድሬዳዋ ነው የምሠራው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እንዲህ ሲሆን አራት ነገር እናያለን፦ በአፉ ወደ አየር ቧንቧው የገባው ቲዩብ ከቦታው ተንቀሳቅሷል? ተደፍኗል? ሳንባው ዙሪያ አየር ገብቷል? ወይስ ማሽኑ ነው? ከማሽኑ ነቀልኩትና በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው ከረጢት፣ አየር መስጠት ጀመርኩ። ባጉ አልጨመቅም አለኝ። ደረቱ ንቅንቅ አላለም። ቲዩቡ ከንፈሩ ላይ 7.5 ሳንቲሜትር ያሳያል፣ እንዳሰርነው ነው። የሳክሽኑን ካቴተር (አክታ የሚመጠው ቀጭን ቱቦ) ቲዩቡ ውስጥ ስሰደው መሃል ላይ ቆመ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ደግሜ ሞከርኩ። ደሞ ሠለስኩ። ቲዩቡን ለማስገባት ምን ያህል እንደለፋን ስለማውቅ ማውጣት ፈራሁ። ዶክተሯ ሮጣ ደረሰችና "አውጪው!" አለችኝ። አውጥቼ በማስክ አየር ስሰጠው ደረቱ ወዲያው ተነሳ፣ ልቡም ተመለሰ። አሁን ካቴተሩ አንዴ አላልፍ ካለና ደረቱ ካልተነሳ አልጠብቅም።

በኋላ ያወጣሁትን ቲዩብ መብራት ላይ አየሁት። ጫፉን እንደ ዕጣን የጠጠረ ቢጫ አክታ ደፍኖታል። ዞር ብዬ የሂውሚዲፋየሩን (የማሽኑን አየር የሚያሞቀውና የሚያረጥበው መሣሪያ) የውሃ ዕቃ ሳይ ደረቅ ነው። በእጅ የምንሞላው ነበር፣ ከማታ ጀምሮ ማንም አላየውም። እኔም ጭምር።

የድሬ ሙቀት ያታልላል። እኛ በላብ ተጠምቀን ሕፃኑ የሚተነፍሰው አየር ይደርቃል ብሎ የሚያስብ የለም። ከሲሊንደር የሚመጣው ኦክስጅን ግን ደረቅ ነው። አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው አፍንጫ ነበር፣ ቲዩቡ ደግሞ አፍንጫን አልፎ ነው የሚገባው። ስለዚህ አየሩ 37 ዲግሪ ሞቆ፣ እንፋሎት ጠግቦ መድረስ አለበት። ካልሆነ አክታው ይጋገራል። የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ለመዝጋት ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃል።

አሁን ውሃውን በየሰዓቱ አይቼ ከልብ ምቱ ጎን እጽፋለሁ። ሕፃኑ አጠገብ ያለው የማሽኑ ቱቦ ውስጥ ጤዛ ካጣሁ እጠራጠራለሁ። ሳክሽን የማደርገው ሲያስፈልግ ነው፣ ከ10 ሴኮንድ አላሳልፍም።

ጠዋት እናቱ ወተቷን አልባ መጣች። "ሲስተር፣ ልጄ እንዴት አደረልኝ?" አለች። አስቀምጫት ሳልደብቅ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ስትገባ መጀመሪያ የውሃውን መስመር ታያለች።