ልጆችን በቡድን ዋና ማስተማር፦ ትንፋሽ ከርቀት ይቀድማል

የልጆች የዋና ትምህርት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ከጅምሩ ነው። እጁን እያማታ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አምስት ሜትር የተጓዘ ልጅ ይጨበጨብለትና ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያልፋል። ትንፋሹን ውሃ ውስጥ ማስወጣት ግን አያውቅም፤ ሲደክመው በጀርባው ተንሳፍፎ ማረፍም አይችልም። ከሁለት ደረጃ በኋላ ወደ ጎን ዞረህ ተንፍስ ሲባል ሁሉም ይምታታበታል። አሰልጣኙ ክንዱን ለማስተካከል ይደክማል፣ ወላጅም "ልጄ ምን ሆኖ ቆመ?" ይላል። ክንዱ ምንም አልሆነም። የጎደለው አንደኛ ደረጃ ላይ የታለፈው ትንፋሽ ነው።

ደረጃዎቹ በየአገሩ በተለያየ መንገድ ይከፋፈላሉ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል 6 ደረጃ አለው፤ በእንግሊዝ የሚሠራበት መደበኛው መርሐ ግብር 7። ብዛቱ እምብዛም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት መስፈርት ነው። ዕድሜ መስፈርት አይደለም። የተከፈለበት ጊዜ ማለቁ ደግሞ ጭራሽ አይደለም። አንድን ነገር ቀንቶት አንዴ ያደረገ ልጅና በተጠየቀ ቁጥር ሳይጨነቅ የሚያደርግ ልጅ ይለያያሉ፤ ማለፍ ያለበት ሁለተኛው ነው። እኛ የምንመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ በሁለት ተከታታይ የትምህርት ቀናት፣ በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ጊዜ፣ ያለ ማንም ድጋፍ።

ቡድኑና ገንዳው

ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ጀማሪዎች ለአንድ አሰልጣኝ 4 ልጆች ጥሩ ነው፤ ቢበዛ 5። ዕድሜያቸው 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ይቻላል። ለትንንሾቹ 30 ደቂቃ ይበቃቸዋል፣ ለትልልቆቹ 45። አሁን ስሌቱን እንየው። ከ30 ደቂቃ ውስጥ 5ቱ በመግባትና በመውጣት ቢሄድ 25 ይቀራል። 6 ልጆች ተራ በተራ ከአሰልጣኙ ጋር ከሠሩ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 4 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረውን 21 ደቂቃ ጠርዝ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ብዙ ቡድን የሚዘገየው በዚህ እንጂ በልጆቹ ድክመት አይደለም። ጎበዝ አሰልጣኝ ተራ መጠበቅን ያሳጥራል። ሁሉም ጠርዝ ይዘው በአንድ ጊዜ እግር ይመታሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይነሱና የፊተኞቹ መንገዱን ሲያጋምሱ ቀጣዮቹ ይከተላሉ፤ የሚጠብቅ ልጅም አረፋ እየነፋ ይጠብቃል። ዳር ተቀምጣችሁ የምታዩ ወላጆች ሰዓት ይዛችሁ ልጃችሁ በእንቅስቃሴ ላይ የቆየበትን ደቂቃ ብትቆጥሩ፣ ስለ ትምህርቱ ጥራት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት የበለጠ ይነግራችኋል።

ውሃው ለጀማሪ ትንንሽ ልጆች ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ስለሆነ ለእነሱ ይቀዘቅዛል። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ከንፈሩ መጥቆር፣ አገጩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም እጆቹን ብብቱ ሥር ከሸጎጠ ትምህርቱ እዚያው አብቅቷል፤ የበረደው ልጅ ጡንቻው ስለሚኮማተር ተንሳፈፍ ቢሉትም አይሆንለትም። ጥልቀቱ ደግሞ ከልጁ እምብርት እስከ ደረቱ ይሁን። ገንዳው ከዚያ ከጠለቀ ወለሉ ላይ የሚቀመጥ ከፍ ያለ መድረክ ያስፈልጋል።

አንደኛ ነገር፣ አረፋ

መጀመሪያ መግባትና መውጣት። ልጁ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ወደ ሆዱ ይገለበጣል፣ እግሩን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሲወጣ መዳፉን፣ ክርኑን፣ ሆዱን፣ ከዚያ ጉልበቱን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳያስበው ገንዳ ውስጥ የወደቀ ልጅ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ይኼው ነው፣ ስለዚህ በየትምህርቱ ቢደጋገም አይበዛም።

ከዚያ ትንፋሽ። ልጁ በአፉ አየር ይስባል፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ይከታል፣ አፉን ገጥሞ "ምምም" እያለ ያንጎራጉራል። ሲያንጎራጉር አየሩ በአፍንጫው ስለሚወጣ ውሃ አይገባበትም፤ አፍንጫ በጣት የመያዝ ልማድም ሳይጀመር ይቀራል። ሦስት ሰከንድ ያህል አንጎራጉሮ ቀና ይላል፣ ዓይኑን ሳይጠርግ እንደገና በአፉ ይስባል። በመጀመሪያ 3 ጊዜ፣ ቀጥሎ 5፣ መጨረሻ ላይ ሳያቋርጥ 10 ጊዜ። አሥሩን በተረጋጋ ምት የሚጨርስ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል ብንል አላጋነንም።

እዚህ ላይ የሚታየው ትልቁ ስህተት ጉንጭን ነፍቶ ትንፋሽ መያዝ ነው። ጀግንነት ስለሚመስል ወላጅም አሰልጣኝም ያደንቁታል። ነገር ግን ለመተንፈስ የሚያስጨንቀን በዋነኛነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትንፋሹን የያዘ ልጅ ቀና ሲል በዚያች አጭር ቅጽበት የቆየውን አየር ማስወጣትም አዲሱን መሳብም ይኖርበታል፤ ሁለቱ አይደርሱለትም። ስለዚህ ጭንቅላቱን አብዝቶ ያነሳል፣ ጭንቅላቱ ሲነሳ ዳሌው ይሰምጣል፣ እግሩም ወለል ይፈልጋል። በኋላ "አቋቋሙ ተበላሸ" የሚባለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የፈራን ልጅ በድንገት መድፈቅ አይገባም። "እስከ ሦስት እቆጥራለሁ" ብሎ በሁለት ላይ ማጥለቅም ያው ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ልጅ በቀጣዩ ሳምንት ከጠርዙ አይነቀልም። ውሃውን ከማጅራቱ ጀምሮ ማፍሰስ፣ ቀጥሎ በአናቱ፣ መጨረሻ በፊቱ ላይ ይሻላል። ገንዳ ወለል ላይ የተቀመጠ ዕቃ እንዲያነሳ መጠየቅም ብዙ ጊዜ ከልመና የበለጠ ይሠራል።

መንሳፈፍና መነሳት

ሰው በጀርባው ሲተኛ እግሩ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ምክንያት አለው። አየር የያዘው ሳንባ ደረት ውስጥ ነው፣ የሰውነት ክብደት መሐል ግን ወደ ዳሌ ይጠጋል። ስለዚህ ደረት ይነሳል፣ እግር ይወርዳል። ክንዶች ከራስ በላይ ሲዘረጉ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚሸሽ እግር ከፍ ይላል። ቀጫጫ ልጅ ይህን ሁሉ አድርጎም እግሩ ሊንጠለጠል ይችላል፤ አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ እስከሆኑ ድረስ ተንሳፍፏል፣ ደረጃውን አይከለከልም።

አሰልጣኙ ወገብ ከመያዝ ይልቅ አንድ እጁን ከጭንቅላቱ ሥር፣ አንዱን ከትከሻው አጥንት ሥር ያድርግ። ድጋፉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፦ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፣ ሁለት ጣት፣ ባዶ። ልጁ እግሩን ለማየት አንገቱን ካጎነበሰ ወገቡ ይታጠፍና እንደተቀመጠ ሆኖ ይሰምጣል። ጆሮው ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ዓይኑ ቀጥታ ወደ ላይ ይይ፣ እምብርቱን ወደ ላይ ይግፋ።

ከመንሳፈፍ እኩል የሚያስፈልገውና ብዙ ቦታ የሚረሳው ተመልሶ መቆም ነው። በሆዱ የተንሳፈፈ ልጅ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ይስባል፣ እጆቹን ወደ ታች ይጫናል፣ እግሩ ወለል ሲነካ ጭንቅላቱን ያነሳል። በጀርባው ከሆነ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ እጆቹን ከኋላ ወደ ፊት ይቀዝፋል። ይህን ያልተማረ ልጅ ጠርዝ አልለቅም ቢል ፈሪ ሆኖ አይደለም። መነሳት እንደማይችል ስለሚያውቅ ነው፣ ልክም ነው።

ማለፊያው፦ በጀርባ 10 ሰከንድ፣ በሆድ 5 ሰከንድ፣ ከሁለቱም ያለ እርዳታ መቆም።

ግፊትና እግር

ልጁ ግድግዳውን በሁለት እግሩ ገፍቶ፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ አድርጎ፣ ክንዶቹን ከጆሮው ጋር አጣብቆ፣ ወለሉን እያየ ይንሸራተታል። እግሩን ሳይመታ 3 ሜትር ከሄደ አቋቋሙ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ሳይሄድ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት እያየ ነው።

የእግር ምት ከዳሌ ይጀምራል፤ ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይላላል፣ ጣት ወደ ኋላ ይዘረጋል። ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ጫማውን በእግሩ አሽቀንጥሮ እንደሚጥል እንዲመታ ማድረግ የቁርጭምጭሚቱን መላላት ያስይዘዋል። ጎልቶ የሚታየው ስህተት ብስክሌት የመንዳት እንቅስቃሴ ነው፦ ጉልበት ወደ ሆድ ይመጣል፣ ውሃ ብዙ ይረጫል፣ ልጁ ካለበት አይነቃነቅም። የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ ያጠፈ ልጅ ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ጥሩው መድኃኒት በጀርባ እግር መምታት ነው፤ መተንፈስ ስለማያስቸግረው ሐሳቡ ሁሉ እግሩ ላይ ይሆናል፣ ጉልበቱ ከውሃ ሲወጣም ራሱ ያየዋል።

ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይጠቅማል፣ ግን ከትምህርቱ ሲሶ ባይበልጥ ይሻላል። ልጁ ሆዱ ሥር አድርጎ ከተደገፈበት ራሱ ቀና፣ እግሩ ዝቅ ይላል፤ ያንኑ የማንፈልገውን አቋም ይለምዳል። ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን አስገብቶ ይያዘው። በአየር የሚነፋው የክንድ መንሳፈፊያ ግን ልጁን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ያለ እሱም የሚንሳፈፍ ያስመስለዋል። ለትምህርት አንመርጠውም።

ክንድና የጎን ትንፋሽ

አብዛኛው ቡድን የሚቆመው እዚህ ነው፤ ስለዚህ መቸኮል አያዋጣም። ክንድ ከመጨመሩ በፊት ልጁ በጎኑ ተኝቶ እግር መምታት ይለማመድ። የታችኛው ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ ጆሮ ክንዱ ላይ አርፏል፣ አንደኛው የመነጽር ዓይን ውሃ ውስጥ አንደኛው ከውሃ በላይ ነው። 6 ጊዜ እግር ይመታል፣ ፊቱን ወደ ታች መልሶ አረፋ ያወጣል፣ አንድ ክንድ ቀዝፎ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ካልቻለ ሙሉ በሙሉ ወደ ጀርባው ዞሮ ይተንፍስና ይመለስ፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ራሱን የቻለ የደኅንነት ችሎታ ነው።

ስህተቶቹ ሦስት ያህል ናቸው። አንደኛው ከመዞር ይልቅ ጭንቅላትን ወደ ፊት ማንሳት ነው። ሁለተኛው ሲተነፍስ የተዘረጋውን ክንድ ወደ ታች መጫን ነው፤ መደገፊያው ስለሚጠፋ አፉ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው መዘግየት ነው፦ ክንዱ ቀዝፎ ካለፈ በኋላ መዞር ሲጀምር የሚስበው ውሃ ይሆናል። ለሦስቱም ወደ 6ቱ የእግር ምት መመለስ ይሠራል። ሦስት ንጹሕ ትንፋሽ ሳይታይ ከ10 ሜትር በላይ ማስኬድ ስህተቱን ከማጽናት በቀር ምንም አይጨምርም።

የጀርባ ዋና ከዚህ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ያን ያህል አያስቸግርም። የደረት ዋና ግን እግሩ ፈጽሞ የተለየ ነው፦ ጣቶች ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይመጣል፣ ሁለቱ እግሮች እኩል ይገፋሉ። አንዱ እግር ዞሮ አንዱ ካልዞረ እንቅስቃሴው መቀስ ይሆናል፤ ያን በገንዳው ጠርዝ በሆዱ አስተኝቶ፣ እግሩን በእጅ ይዞ ማረም ይቀላል። የቢራቢሮ ዋና የመጨረሻው ነው፣ አያስቸኩልም።

25 ሜትር መዋኘት ምን ያህል ነው

የጀርመን ልጆች የሚያገኙት የመጀመሪያ መለያ 25 ሜትር መዋኘትን፣ ከጠርዝ መዝለልንና ትከሻ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ዕቃ ማንሳትን ይጠይቃል፤ ሆኖም ይህን ያገኘ ልጅ አስተማማኝ ዋናተኛ ተብሎ አይቆጠርም። በኔዘርላንድስ የመጀመሪያው ዲፕሎማ ፈተና ልብስ ለብሶ መዋኘትንና በውሃ ውስጥ በተዘረጋ ሸራ ቀዳዳ ማለፍን ይጨምራል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል አምስት ነገር በተከታታይ ይፈልጋል፦ ከቁመት በላይ ወደሆነ ውሃ ገብቶ ወደ ላይ መመለስ፣ 1 ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባሉበት ራስን ከውሃ በላይ ማቆየት፣ ዙሪያውን ዞሮ መውጫ መፈለግ፣ 25 ያርድ (23 ሜትር ገደማ) መዋኘት፣ ያለ መሰላል መውጣት። የልጃችሁ መርሐ ግብር ርቀት ብቻ የሚለካ ከሆነ ቀሪዎቹን ጠይቁ።

ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ግን በየትኛውም ደረጃ ይከልከል። ደጋግሞ በፍጥነት ተንፍሶ የጠለቀ ልጅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚቀንስ የመተንፈስ ፍላጎቱ ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ቀድሞ አልቆ ያለ ምንም ምልክት ራሱን ሊስት ይችላል። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ትምህርት ቢጀምርም ባይጀምርም፣ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አዋቂው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይቁም፤ ስልኩም ከእጁ ይውጣ።

ቤት ውስጥ ማለማመድ የሚቻለው አረፋውን ነው፣ በመታጠቢያ ሳህን፣ አጠገቡ ሆናችሁ። የዋና መነጽር ልጁ አልፎ አልፎ ሳያደርገው ይሥራ፤ ድንገት ውሃ ውስጥ የወደቀ ልጅ መነጽር አይኖረውም። ለአንድ ወር ያህል ካቋረጠ በኋላ ሲመለስ የመጀመሪያውን ትምህርት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጀምር፦ አሥሩ አረፋ፣ የ10 ሰከንዱ መንሳፈፍ፣ የ3 ሜትሩ መንሸራተት። ሦስቱን ያለ ችግር ከሠራ በዚያው ቀን ወደ ቡድኑ ይመለሳል፤ አንዱ ከጎደለ አሰልጣኙ ከየት እንደሚጀምር አውቋል።