ሰባት ስድስተኛ

ሟቿ ባልና ሁለት እህቶች ትታለች፤ ልጅም ወላጅም የላትም። በእስልምና የውርስ ሕግ ለባል ግማሽ፣ ለሁለቱ እህቶች በጋራ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳቸዋል። ይህን ጥያቄ እዚሁ ደሴ፣ ሸዋበር የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሼኽ ነገሩኝና ዛሬ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰጠኋቸው።

ፈጣኖቹ ታህቱን 6 አድርገው 3/6 እና 4/6 ደመሩ፤ 7/6 አገኙ። ድምሩ ልክ ነው። ከሥሩ አስምረውበት እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ውጤቷ ሁልጊዜ መካከለኛ የሆነ አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሟቿ ያልነበራትን እንዴት ይወርሳሉ?» አለችኝ።

ከዚያ የተነሣው ክርክር ደስታው እስከ አሁን አልለቀቀኝም። አንዱ ልጅ «ባል ግማሹን ይውሰድ፣ ጉድለቱን እህቶች ይሸከሙ» አለ። እርሷ ደግሞ «ከሁሉም እንደየድርሻቸው ይቀነስ» አለች። በእርሷ መንገድ ታህቱ 7 ይሆናል፦ ለባል 3፣ ለእያንዳንዷ እህት 2። ውርሱ 420,000 ብር ቢሆን ባል 180,000፣ እህቶች እያንዳንዳቸው 120,000 ብር ይደርሳቸዋል። ልጆቹ ሳያውቁት የጥንት ሊቃውንት የተከራከሩበት ቦታ ደርሰው ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት የልጅቷን መንገድ «ዐውል» ብለው ሲይዙ፣ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ የነበሩት ኢብን አባስ ግን ጉድለቱ ከእህቶች ድርሻ ይሁን ብለዋል። ከማን ይጉደል የሚለውን ስሌት አይመልስም። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን ሳንቲም እንኳ እንዳይዛነፍ ያስገድዳል።

ወላጆች ሒሳብ አእምሮን ይስላል ይላሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ይህንኑ እምነት በብዙ ተማሪዎች ላይ ፈትሾ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አንዱ የትምህርት ዓይነት ከሌላው ይልቅ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ መሆኑን አሳየ። እኔን ግን ተስፋ አያስቆርጠኝም። ያስተማርነው ስሌቱን ብቻ ከሆነ፣ ያደገውም ስሌቱ ብቻ ቢሆን ምን ይገርማል? አልኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አልጀብራ ሲጽፍ ሰፊውን ክፍል ለውርስና ለኑዛዜ ጥያቄዎች ሰጥቷል። እኛ ነን ሁለቱን የለያየናቸው።

ለሚቀጥለው ፈተና ከእያንዳንዱ ስሌት ቀጥሎ «ይህ መልስ ምን ማለት ነው? ሊሆንስ ይችላል?» የሚል ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ነጥቡም ከስሌቱ እኩል ይሆናል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጊዜ ይፈጃል ማለታቸው አይቀርም። እከራከራቸዋለሁ።