ያላነበብኳት አንዲት መስመር

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ቢሮ ነው የምንሠራው። ሦስት ነን። ኮምቦልቻ ላለ አንድ ፋርማሲ የሽያጭ ሲስተም ሠርተን፣ ሰርቨሩን ፍራንክፈርት ላይ በቴራፎርም፣ ማለትም ሰርቨርን በኮድ በሚፈጥርና በሚያፈርስ መሣሪያ፣ ከፈትነው። ኮዱ መጀመሪያ ማሽኑን ይፈጥራል። ቀጥሎ በ«ሪሞት ኤግዜክ»፣ ከርቀት ትእዛዝ በሚያስኬደው የቴራፎርም ክፍል፣ በኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ መስመር) ገብቶ ማዋቀሪያ ስክሪፕቱን ያስኬዳል፤ ዳታቤዝ ይጭናል፣ ፕሮግራሙን ያስነሳል።

ስክሪፕቱ የሚሠራው ፍራንክፈርት ነው፤ ግንኙነቱን የያዘው ግን ደሴ ያለው የእኔ ላፕቶፕ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ቴራፎርም ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ። መብራት ሲመለስ ራሴ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ የቀሩትን ትእዛዞች አንድ በአንድ በእጄ ጨረስኳቸው። ሲስተሙ ተነሳ። ፋርማሲው በማግስቱ መሸጥ ጀመረ።

ያኔ ልብ ያላልኩት ነገር አለ። ማሽን ሲፈጠር ስክሪፕቱ ከከሸፈ ቴራፎርም ያንን ማሽን ስቴት ፋይሉ (የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ «ቴይንትድ» ብሎ ይመዘግበዋል። የተበላሸ ነው ማለቱ ነው። በሚቀጥለው አፕላይ (ለውጡን ተግባራዊ በሚያደርገው ትእዛዝ) አፍርሶ በምትኩ አዲስ ይሠራል። እኔ በእጄ ያስተካከልኩትን በምን ይወቅ? «ቴራፎርም አንቴይንት» የምትል አንዲት ትእዛዝ ምልክቱን ታነሳው ነበር።

በ11ኛው ቀን አንድ ፖርት (የኔትወርክ በር) ለመክፈት አፕላይ አልኩ። ሊያደርግ ያሰበውን የሚዘረዝረው ፕላን ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ 1 ይጨመራል፣ 1 ይቀየራል፣ 1 ይጠፋል ይላል። ማሽኑ ቴይንትድ ስለሆነ ይተካል የምትለዋ መስመር ከላይ ነበረች። አላነበብኳትም። «የስ» ብዬ ኢንተር መታሁ።

ዳታቤዙ የነበረው እዚያው ማሽን ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩም አብሮ ሄደ። ባክአፕ ለሳምንቱ መጨረሻ ቀጠሮ ይዘንለት ነበር።

የፋርማሲው ባለቤት ዘንድ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «አብሽር ልጄ፣ ደረሰኙ አለ። ና» አሉኝ። በዚያው ማታ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሁለት ሌሊት የካርቦን ቅጂ ስንገለብጥ አደርን። ሻጯ ታነባለች፣ እኔ አስገባለሁ። ሰማያዊው ካርቦን ደብዝዞ 3ቱን ከ8ቱ መለየት ያቅት ነበር፤ አሞክሲሲሊን 3 ፍሬ ነው 8? እሷ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ቆጥራ ትመጣለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አልቆ ገና የ4ኛው ቀን ደረሰኝ ላይ ነበርን። ያቺ ልጅ አንድም ጊዜ ፊቷን አላጠቆረችብኝም። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስክሪፕቱን ከሪሞት ኤግዜክ አውጥቼ ወደ ክላውድ ኢኒት አዛወርኩት። አሁን ማሽኑ ሲነሳ ራሱ ያስኬደዋል፤ የደሴ መብራት ቢሄድም አይቋረጥም። የቴራፎርም ሠሪዎች ራሳቸው ፕሮቪዥነርን (ሪሞት ኤግዜክን የመሰሉትን) ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሙ ይላሉ፤ እኔ ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር። አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር፦ በዚህ መንገድ ቴራፎርም «ጨርሻለሁ» ሲል ስክሪፕቱ ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ገብቼ የክላውድ ኢኒትን ሁኔታ ሳላይ ለማንም «ዝግጁ ነው» አልልም። ዳታቤዙ የራሱ ዲስክ አለው፣ ዲስኩ ላይም ቴራፎርም እንዳያፈርሰው የሚከለክል «ፕሪቨንት ዲስትሮይ» አለ። ባክአፑ በየሌሊቱ ይሄዳል።

ፕላን ሲወጣ ደግሞ አንዳችን ጮክ ብለን እናነበዋለን፣ ሌላው ይሰማል። የሚጠፋ ነገር ካለ «የስ» የሚለው የሰማው ሰው ነው።