ዶሮው ስንት ሰዓት ይገባል?

«ሰባት አለችኝ» አለ ልጁ። «ሲዬቴ ነው ያልኩት» አለች እሷም፤ በስፓኒሽ ያው ሰባት ማለት ነው። ሼፉ መሃል ቆሞ አንዴ ወደሱ፣ አንዴ ወደሷ ይዞራል። አማርኛም ስፓኒሽም አይችልም፤ የሚያየው ባዶ ምድጃና ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደተደረደረ የቀረ ጥሬ ዶሮ ነው። ሰዓቱ ስድስት ተኩል አልፏል። ሙሽሮቹ አዳራሽ ገብተዋል፤ ዋናው ምግብ ሰባት ላይ መውጣት አለበት።

በዋሽንግተን ዙሪያ ሆቴል ኩሽና ውስጥ የሠራ ያውቀዋል፤ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሥራው የሚሠራው በስፓኒሽ ነው። ከባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ሳልቫዶሮች፣ ማለትም ከማዕከላዊ አሜሪካዋ ኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። የእነሱ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 የቆየ ነው፤ ከደርግ ሸሽቶ ከመጣው ሐበሻ ጋር በአንድ ዘመን ተሰደው በአንድ ኩሽና ሽንኩርት ሲከትፉ ኖረዋል። የዝግጅት ኃላፊያችንም ከእነዚያ አንዷ ናት። «ኒኛ» እንላታለን። ቃሉ «ትንሽ ልጅ» ማለት ቢሆንም ሳልቫዶሮች በዕድሜ ገፋ ያለችን ሴት በአክብሮት ይጠሩበታል፤ እንደ እኛ እትዬ።

ልጁ ገና አዲስ መጪ ነው። ስፓኒሽ በስልኩ እየተማረ ነው፤ ይህን አደንቅለታለሁ፣ እኛ ዓመታት የተግባባነው በእጅ ምልክት ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሰዓት አቆጣጠሩን ነበር፤ አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚምታታበት እዚያ ላይ ነው። ግን እሱን ተሻግሮታል፤ ሲጠብቅ የነበረው የግድግዳውን ሰዓት ሰባት ነው።

«ምን ብለህ ጠየቅሃት?» አልኩት።

«ስንት ሰዓት ላይ ላስገባው ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!»

«እሱን በስፓኒሽ በለው።»

«ኳንቶ?»

ተገኘ። ኳንቶ «ስንት» ማለት መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ፣ ሰዓትን በስንት የምንጠይቀው እኛ ነን። ስፓኒሽ የሚጠይቀው በ«ምን» ነው፦ «አ ኬ ኦራ?»፣ ቃል በቃል «በምን ሰዓት?» እንደማለት። ኒኛ በዚያ ሰዓት ትሪ እየቆጠረች ነበር። «ኳንቶ?» ሲላት ስንት ትሪ እንደሆነ የጠየቃት መሰላት፤ ሰባት ነበሩና ሰባት አለችው። መልሷ ውስጥ ፍንጭ ነበረ፤ ሰዓት ቢሆን ኖሮ «አ ላስ ሲዬቴ» ነበር የምትለው። እሷም ብትሆን መጠርጠር ትችል ነበር፤ ትሪ በስፓኒሽ «ባንዴኻ» ነው፣ የሴት ስም ነው፣ ስለዚህ የትሪ ብዛት የሚጠየቀው «ኳንታስ?» ተብሎ ነው። የእኛ «ስንት» ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም ያው ነው፤ የእነሱ ግን እንደ ቅጽል እየተለዋወጠ ይሄዳል፦ ኳንቶ፣ ኳንታ፣ ኳንቶስ፣ ኳንታስ። ኒኛ ግን የሐበሻ ስፓኒሽ ጾታ እንደማይጠብቅ ለምዳዋለች። የሰማችውን ስህተት በልቧ አረመችለት፤ ያረመችው ግን ወዳልሆነ በኩል ነው።

ይህን ሁሉ ለሼፉ ማስረዳት ዶሮውን ከመጥበስ በለጠ። ዶሮ ደግሞ አይጣደፍም፤ መሃሉ 165 ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ ወደ 74 ሳይደርስ ቢለምኑትም አይወጣም። ትሪዎቹን ባሉት ምድጃዎች ሁሉ በታተንናቸው። የአዳራሹ ኃላፊ ከምግብ በኋላ የነበረውን ንግግር ወደፊት አመጣችው፣ ሰላጣው እየተጎተተ ወጣ፣ ዳቦ ተደገመ። የሙሽራው አጎት ንግግር የማይጠግብ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ እግዜር ይስጠው።

በሚቀጥለው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ልጁን አስቀምጬ ሌሎቹንም አየንለት፤ ለካ ሁሉንም ከአማርኛ እየቀዳ ነው። ኒኛን የመጀመሪያ ቀን የተዋወቃት «ኪዬን ኤስ ሱ ኖምብሬ?» ብሎ ነው። እኛ «ስምሽ ማን ነው» ስለምንል «ማን»ን አስገባባት። እነሱ «እንዴት» ብለው ነው የሚጠይቁት፦ «ኮሞ ሴ ያማ?»፣ እንዴት ትባያለሽ እንደማለት። ስልክ ቁጥርም ያው ነው፤ እኛ «ስንት ነው» እንላለን፣ እነሱ «ኳል ኤስ» ይላሉ፣ «የትኛው ነው»። «ኬ ኤስ» ብለህ ስለ ቁጥሩ ብትጠይቅ ስልክ ቁጥር የሚባለው ነገር ምንድን ነው፣ አስረዱኝ እንዳልክ ይቆጠራል።

አማርኛው የሚያግዝባቸውም አሉ፣ እነሱን ቶሎ ያዛቸው። የት፣ ወዴት፣ ከየት ማለት ዶንዴ፣ አዶንዴ፣ ዴ ዶንዴ ነው፤ አንድ ለአንድ ይገጥማል። ማን ለብዙ ሲሆን እነማን እንደሚባለው ኪዬንም ኪዬኔስ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ እንኳን ይህ የለውም። «ለምን» ላይ ግን እንደገና ይለያያሉ። «ፖር ኬ?» ምክንያቱን ነው የሚጠይቀው፣ «ፓራ ኬ?» ደግሞ ዓላማውን። ምድጃው ለምን ጠፋ ለማለት ፖር ኬ ነው፤ ይህ ቢላ ለምን ይሆናል ለማለት ፓራ ኬ። ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «ፖርኬ» ተያይዞ፣ ያለ ጭረት ከተጻፈ «ምክንያቱም» ይሆናል። የጥያቄ ቃላቱ ሁሉ ሲጠይቁ አናታቸው ላይ ጭረት ይደረግባቸዋል፣ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ደግሞ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ይቆማል። የተገለበጠውን ደንብ ያደረገው የስፔን የቋንቋ አካዳሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1754። ሳልቫዶሮቹ ራሳቸው በስልክ ሲጻጻፉ ሁለቱንም ይተዋሉ፤ እኔም ስለሱ ልጁን አላስጨነቅሁትም።

ያስጨነቅሁት በአንድ ነገር ነው፦ ኳንቶን ብቻዋን አትልቀቃት፤ የምትቆጥረውን ነገር አስከትልባት። «ኳንታስ ባንዴኻስ?» ሰዓት ከሆነ «አ ኬ ኦራ?» ሼፉም በበኩሉ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረ፣ አንዱ ለሰዓት፣ አንዱ ለትሪ፤ ስለዚህ አሁን የሚጠየቅም ብዙ የለም።

ልጁ ግን መጠየቁን አልተወም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውንም ይጠይቃል። ባለፈው ቅዳሜ ኒኛን ስንት ትሪ፣ በምን ሰዓት፣ የትኛው ምድጃ፣ ከየት ላምጣ እያለ ሲከተላት «ኳንታ ፕሬጉንታ!» ብላ እጇን አወናጨፈች። የጥያቄ ቃል ለመገረምም ያገለግላል፤ ምን ያህል ጥያቄ ነው እባካችሁ ማለቷ ነው። እሱ እየሮጠ ወደኔ መጣ፦

«ጋሼ፣ ስንት ጥያቄ አለህ አለችኝ። አራት ልበላት?»