በ16 ድምፅ የወደቀው እርማቴ

የተባበሩት መንግሥታት ራሳቸውን ስለማያስተዳድሩ 17 ግዛቶች የሚያወጣቸው ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ረቂቁን የማርመው እኔ ነበርኩ። በኒውዚላንድ ሥር ያለችው የፓስፊክ ደሴቶች ግዛት የቶከላው ተራ ሲደርስ ተርጓሚዋ ያቀረበችልኝ ገጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 64.4 በመቶው ቢደግፉትም ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ ይላል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ነገር ወደቀ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ማንንም ሳልጠይቅ «ሳይጸድቅ ቀረ» የሚለውን ሰርዤ «ጸደቀ» አልኩ። እጄ ከተፍታታ በኋላ፣ «ከኒውዚላንድ ጋር በነጻ ፈቃድ ተጣምሮ ራስን ማስተዳደር» የሚለውን፣ ለሕዝበ ውሳኔው የቀረበውን ሐሳብ የሚገልጽ ረጅም ሐረግ ለአንባቢ እንዲቀል በማሰብ «ነጻነት» በሚል አንድ ቃል ተካሁት። ከግርጌው የተጠቀሰው የውሳኔ ቁጥር 1541 የሚል ስለነበር፣ አኀዞቹ ተዛውረውባት ነው ብዬ 1514 አደረግሁት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 በ89 ድጋፍ፣ በ9 ድምፀ ተአቅቦና ያለ አንድ ተቃውሞ የጸደቀውን፣ ቅኝ ተገዢዎች ነጻነት እንዲያገኙ የሚያውጀውን ያን ታላቅ መግለጫ በቃሌ የማውቅ ሰው ነኝና።

በማግስቱ ረቂቁን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቶከላውን ነጻ አወጧት እኮ» አለችኝ።

ቀልዱ ስላልገባኝ፣ «64 በመቶ አሸናፊ አይደለም እንዴ?» ስል በኩራት ጠየቅኋት።

«የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ነበር። 446 ሰዎች ደገፉ፤ 16 ድምፅ ጎደለ።»

መልስ አልሰጠሁም። ሕዝቧ 1,500 ገደማ በሆነ አገር 16 ድምፅ ማለት ምናልባት የሁለት ወይም የሦስት ቤት ሰው ነው፤ ኒውዚላንድ የሚኖሩት ቶከላውያን በቁጥር ደሴቶቹ ላይ ካሉት እጅግ ቢበልጡም መምረጥ አልቻሉም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ዝም ያልኩት ግን ለቶከላው አዝኜ ሳይሆን ለራሴ አፍሬ ነበር። እሷም ስለ ሦስተኛው እርማቴ ምንም ሳትናገር፣ 1514ን እና 1541ን ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራልኝ ሄደች። ሁለተኛው የወጣው ከመጀመሪያው በማግስቱ ሲሆን፣ አንድ ግዛት ነጻ አገር በመሆን፣ ከሌላ አገር ጋር በነጻ ፈቃድ በመጣመር ወይም ከሌላ አገር ጋር በመዋሐድ ራሱን ወደ ማስተዳደር ሊደርስ እንደሚችል ይዘረዝራል። «ነጻነት» ብዬ ያሳጠርኩት ሐረግ ከሦስቱ መንገዶች አንዱ ነበር፤ ያውም እኔ ያልኩት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ላይ እጄን ላለማንሳት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ጠበቅሁትም። ከዓመታት በኋላ የሌላ ተርጓሚ ረቂቅ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በፈረንሳይ ሥር ባለችው የፓስፊክ ግዛት በኒው ካሌዶኒያ በተካሄደው ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ 96.5 በመቶው ነጻነትን ተቃወመ ሲል፣ አኀዙን ከምንጩ አመሳክሬ ትክክል መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ አንድ ፊደል ሳልነካ አሳለፍኩት። የነጻነት ደጋፊዎቹ፣ በወረርሽኙ ሐዘን ላይ ስለሆንን ይራዘምልን ብለው ሰሚ ስላጡ ከምርጫው መቅረታቸውን፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከ85 በመቶ በላይ የነበረው የመራጭ ተሳትፎም ወደ 44 በመቶ ገደማ መውረዱን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ከረቂቁ ላይ አልነበረም። የመጨረሻውን ቅጂ የምታየው ያችው የቶከላውን ገጽ የተረጎመችው ነበረችና ገጹን ይዛ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ የዛሬውን ደግሞ ዝም ብለው አሳለፉት?»