ሃንክ አሮን ወደ አሳንሰሩ የመጡ ዕለት

በአትላንታ ከተማ ተርነር ፊልድ በተባለው የቤዝቦል ስታዲየም የአሳንሰር አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን፣ የሥራዬንም አያያዝ የለወጠውን አንድ ነገር ልጻፍ። ስታዲየሙ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን መጫወቻ ሆኖ ከመከፈቱ በፊት የ1996ቱ ኦሊምፒክ ዋና ስታዲየም ስለነበር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ በ10,000 ሜትር ያሸነፉት እዚያው ነው። ይህን ያልነገርኩት የሥራ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም።

የስታዲየሙ አድራሻ «755 ሃንክ አሮን ድራይቭ» ነበር። ኳሱ ከሜዳው አጥር በላይ ተሻግሮ ሲወጣ መቺው ቤዝ የሚባሉትን አራቱንም የሜዳው መርገጫዎች ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል፤ ይህ ምት ሆም ረን ይባላል፤ 755ም ዝነኛው ጥቁር የብሬቭስ ተጫዋች የነበሩት አሮን በተጫዋችነት ዘመናቸው ያስመዘገቡት የሆም ረን ብዛት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. 80 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ በዚያው የካቲት በረዶ አንሸራቷቸው ወድቀው የዳሌ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው ዝግ ብለው ነበር የሚራመዱት።

በዚያ የውድድር ዘመን አንድ ምሽት፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ከአንድ አጃቢ ጋር ወደ አሳንሰሩ ሲመጡ በሩን ይዤ ቆምኩ። በዚህ መካከል ኳስና እስክሪብቶ የያዘ ወጣት ከኋላቸው እየሮጠ መጣ። የእኛ ፈረቃ ኃላፊ የነበሩት የአትላንታ ተወላጅ እናት ግን ሳይጮኹና ልጁን ሳይነኩ በመካከላቸው ገብተው፣ በዝግታ ዞሮ ከፊት ለፊት እንዲቀርብና እንዲጠይቅ ነገሩት። ልጁም እንደተባለው አደረገ፤ አሮን ፈረሙለት፤ ለእኔም ሰላምታ በትሕትና መልሰው ወደ ላይ ወጡ።

ደንባችን ሠራተኛ ፊርማ እንዳይጠይቅ ይከለክላል እንጂ ተመልካች በየት በኩል እንደሚቀርብ የሚለው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ኃላፊዬ በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ያዩትን የኤፕሪል 8 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ምሽት ተረኩልኝ። አሮን የ1973ን ውድድር በ713 ሆም ረን ሲጨርሱ፣ ነጩ ተጫዋች ቤብ ሩት ለአሥርተ ዓመታት ከያዘው የ714 ክብረ ወሰን አንድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ጥቁር ሰው ይህን ወሰን እንዳይሰብር የፈለጉ ሰዎች እስከ ቀጣዩ ውድድር ድረስ የስድብና የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ላኩባቸው፤ በዚያ ወቅት ከደረሷቸው ከ900,000 በላይ ደብዳቤዎች መካከል የድጋፍና የአድናቆት የሆኑት ብዙ ቢሆኑም፣ ዛቻው የፖሊስ ጠባቂ እስኪመደብላቸው ድረስ የከፋ ነበር። በዚያች ምሽት በተጋጣሚው ቡድን በዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ በአል ዳውኒንግ ላይ 715ኛውን መትተው ቤዞቹን ሲዞሩ፣ ሁለት ወጣቶች ከተመልካች መካከል ዘለው ገብተው ከኋላቸው ደረሱባቸው። ልጆቹ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ደስታቸውን ሊገልጹ ነበር የመጡት፤ ነገር ግን በሩቅ መመልከቻ መነጽር መያዣ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ከተመልካች መካከል የተቀመጠው ጠባቂ በዚያች ቅጽበት መተኮስ አለመተኮሱን መወሰን ነበረበት። የአሮን እናትም ሜዳ ገብተው አጥብቀው ያቀፏቸው፣ ልጄን ይተኩሱበታል ብለው በመስጋት ጭምር ነበር።

ኃላፊዬ ይህን የነገሩኝ እንደ ጥንት ታሪክ አልነበረም። በዚያው በ2014 ኤፕሪል አሮን ስለ ዘረኝነት ለጋዜጣ የሰጡትን አስተያየት ተከትሎ፣ የጥላቻ መልእክቶች ወደ ቡድኑ ጽሕፈት ቤት ጎርፈው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላው ሲሮጥበት ልቡ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር ሊፈረድበት አይገባም፤ ፊርማ ፈላጊው ወጣት ደግሞ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው፣ ሁለቱንም ሳያስቀይሙ ያገናኟቸው ኃላፊዬ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ በሩን ስይዝ አቋቋሜን ለወጥኩ፤ ወደ አዳራሹ ፊቴን አዙሬ፣ እንግዳው ከበስተጀርባዬ እንዲያልፍ አደርግ ጀመር። ብሬቭስ ከ2016 ውድድር በኋላ ስታዲየሙን ለቅቀው ሲሄዱ እኔም ሥራ ቀየርኩ። ዛሬ በምሠራበት ቦታ አዳዲስ የበር አስተናጋጆችን ሳሠለጥን፣ የደንቡን ወረቀት ከማደሌ በፊት የ715ኛውን ምት ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥሎም አንዱን እንግዳ፣ ሌላውን ከኋላ የሚሮጥ አድናቂ አድርጌ፣ ሦስተኛው ማንንም ሳይነካ በመካከል መግባትን እስኪለምድ ድረስ አለማምዳቸዋለሁ።